ግራቭል ወይስ ሳይክሎክሮስ? ለአዲስ አበባ ዳርቻ መንገድ ብስክሌት ለሚገዙና ለሚያስገጣጥሙ

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሰበታ ወይም በኮዬ ፈጬ በኩል ብስክሌት የሚነዳ ሰው አስፋልቱ ቶሎ ያልቅበታል። ከኮብልስቶኑ ቀጥሎ ኮረኮንች፣ ከኮረኮንቹ ቀጥሎ ሲኖትራክ የቦረቦረው የድንጋይ ካባ መንገድ ይመጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አብዛኛው ጭቃ ይሆናል። ለዚህ መንገድ ወደ ታች የታጠፈ መሪ ያለው ብስክሌት የሚፈልግ ገዢ ግራቭልና ሳይክሎክሮስ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች ይቀርቡለታል። በፎቶ ለይቶ ማወቁ ያስቸግራል፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎችም አንዱን በሌላው ስም ያቀርቡታል። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከተሠሩበት ዓላማ ነው። ሳይክሎክሮስ የቆየ የአውሮፓ ስፖርት ሲሆን፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1902፣ የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ በ1950 ተጀምሯል። ውድድሩ በጭቃና በሣር ላይ በአጭር ዙር የሚካሄድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጅ ነው፤ ተወዳዳሪው መሰናክል ሲገጥመው ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል። ግራቭል በአንጻሩ በአሜሪካ ረጃጅም የጠጠር መንገዶች ላይ ያደገ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በካንሳስ የተጀመረውና ዛሬ አንባውንድ የሚባለው ውድድር ዋናው ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ለአንድ ሰዓት ፍልሚያ፣ ሌላው ለሙሉ ቀን ጉዞ የተሠራ መሆኑን የያዘ ገዢ ቀሪውን ከዚያ ተነሥቶ ሊረዳው ይችላል።

የፔዳሉ ዘንግ የሚያርፍበት ቦታ ከጎማዎቹ ዘንግ መስመር በታች የሚወርደው በሳይክሎክሮስ ከ60 እስከ 70፣ በግራቭል ደግሞ ከ70 እስከ 80 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግራቭል ዝቅ ከማለቱም በላይ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስለሚረዝም፣ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በልቅ ጠጠር ላይ ሲወረድ አይደናበርም። ሳይክሎክሮስ ከፍ ያለና መሪው ፈጣን በመሆኑ በባሕር ዛፍ መካከል በሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ላይ ያስደስታል፤ ቁልቁለቱ ሲረዝም ግን እጅ ያዝላል። የዕቃ መጫኛና ፓራፋንጎ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች በግራቭል ላይ የተለመዱ ሲሆኑ፣ በንጹሕ የውድድር ሳይክሎክሮስ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ብስክሌቱን ለሥራ መመላለሻም የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ምርጫውን የሚወስነው ዋናው ነገር ግን የጎማ ስፋት ነው። በሳይክሎክሮስ ውድድር የጎማ ስፋት ከ33 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ፍሬሙም የሚሠራው ያንኑ ታሳቢ አድርጎ ነው። ትርፍ ቦታው ለጭቃ የተተወ በመሆኑ 35 ወይም 38 የሚቀበሉ አሉ። የዛሬ ግራቭል ፍሬሞች በአብዛኛው 45 እና ከዚያ በላይ ይቀበላሉ። ኮብልስቶንና የካባ መንገድ በሚበዛበት ዳርቻ በ33 እና በ42 መካከል ያለው ልዩነት በመጀመሪያው ሰዓት በእጅና በወገብ ላይ ይታወቃል።

ዋልካው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ ባለው ሜዳ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ከጎማው ላይ እየተጠቀለለ በፍሬሙና በጎማው መካከል ይታጨቃል፤ እርጥብ ዋልካ ውስጥ በየትኛውም ብስክሌት መንዳት ስለማይቻል፣ ጥያቄው ሲገፉት ጎማው ይዞራል ወይስ አይዞርም የሚል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ የ6 ቁጥር ብሩጎላ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ቁልፉን በኋላ ጎማውና በፍሬሙ መካከል በቀኝም በግራም አስገብቶ፣ ጎማውን አንድ ሙሉ ዙር ማዞር ነው። ከነካ ቦታው ጠባብ ነው፤ ወይ ቀጭን ጎማ ያስፈልገዋል፣ ወይ ሌላ ፍሬም ይፈለጋል። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምል ብሩጎላው አይዋሽም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ማርሽ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሲሆን የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ያልፋል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሰው በቆላ የሚያወጣውን ጉልበት እዚያ አያወጣም። የተለመደው የሳይክሎክሮስ አደራጀት ከፊት 46 እና 36 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነበር። በዝቅተኛው ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ሰው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ አለበት ማለት ነው፤ ይህ በእንጦጦ አቀበት ላይ ለሠለጠነ ተወዳዳሪ እንጂ ለሌላው የሚሆን አይደለም። የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጂአርኤክስ በተባለው የግራቭል ዕቃ ከፊት 30፣ ከኋላ 34 ጥርስ ማድረግ ስለሚቻል ፍጥነቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ሳይክሎክሮስ የገዛ ሰው በቅድሚያ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ 34 ለማድረግ የኋላውን የጥርስ ስብስብና ሰንሰለቱን መለወጥ፣ አንዳንዴም እጁ የረዘመ ማርሽ ቀያሪ መግጠም ያስፈልጋል፤ ይህ ወጪ ሳይደመር ሳይክሎክሮሱ ረክሷል ማለት አይቻልም።

ፍሬን በሚመለከት፣ የሳይክሎክሮስ ውድድር የዲስክ ፍሬን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2010 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን የሚሠሩ ናቸው። አሸዋ የተቀላቀለበት ጭቃ ሸራውንም ቸርኬውንም ይፈጫል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን ለረጅም ቁልቁለት አልመክርም። ከዲስኮቹ መካከል በዘይት የሚሠራው የተሻለ ኃይል አለው፤ ነገር ግን ሺማኖ የማዕድን ዘይት ሲጠቀም፣ ስራም (SRAM) የተባለው የአሜሪካ አምራች በመንገድና በግራቭል ብስክሌት ፍሬኖቹ ላይ እንደ መኪና ፍሬን ዘይት ዶት የሚባለውን ይጠቀማል። ሁለቱን ማቀላቀል ጎሚኒውን ያበላሻል። ከከተማ ርቆ ለሚኖርና በብስክሌት ሃይድሮሊክ የሠለጠነ ሠራተኛ በአቅራቢያው ለሌለው ሰው በሽቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ይበቃዋል፤ የተበጠሰ ሽቦ በየትኛውም ቦታ ይተካል።

ሁለቱንም ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው አሮጌ፣ ሞላ የሌለው የብረት ማውንቴን ብስክሌት ማስለወጥ ይችላል። የ26 ኢንች ጎማ እዚህ በቀላሉ ይገኛል፤ የብረት ፍሬም ቢሰነጠቅ ጥሩ ብየዳ ቤት ይጠግነዋል፤ ባለ ሦስት ደርብ የፊት መዘውሩም ለአቀበት ከሁለቱም የተሻለ ነው። ችግሩ የታጠፈ መሪ ሲገጠምለት ነው፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ወደ ፊት ስለሚርቅ ከተለመደው ቁጥር አንድ ደረጃ ያነሰ ፍሬም ወይም አጭር የመሪ አንገት መፈለግ አለበት። በሺማኖ ባለ 9 ማርሽ የመንገድ መለወጫ የማውንቴኑን የኋላ ማርሽ ቀያሪ በትክክል ያንቀሳቅሳል፤ ሁለቱም ባለ 10 ሲሆኑ ግን አይጣጣሙም። ይህን የማያውቅ ገጣጣሚ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲያላላና ሲያጠብቅ ይውላል። ቀጥ ያለ መሪውን እንደያዘ መተውም ነውር የለውም።

የእኔ ምርጫ ከ40 ሚሊሜትር በላይ ጎማ የሚቀበል፣ በሽቦ የሚሳብ ዲስክ ያለው፣ የአልሙኒየም ወይም የብረት ግራቭል ነው። ሳይክሎክሮስን የምመክረው ዲስክ ኖሮት የብሩጎላውን ፈተና በ38 ጎማ ላለፈና ከማርሽ ለውጡ ወጪ ጋር ተደምሮ ዋጋው በግልጽ ላነሰ ፍሬም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውም አልፎ አልፎ ይገኛል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ሁለት ትናንሽ ዕቃዎችንም ያስልክ። አንደኛው፣ ቀጭኑን የብስክሌት ቫልቭ ወደ መኪና ቫልቭ የሚለውጠው የነሐስ ክዳን ነው፤ ያለ እርሱ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ጎማውን ሊነፋ አይችልም፤ የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ ደግሞ በእጅ መንፊያ ቸርኬው ላይ በቀላሉ አይቀመጥም። ሁለተኛው፣ የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልበት ቁራጭ ብረት ነው። ሆን ተብሎ ከፍሬሙ በፊት እንዲታጠፍ የተሠራ፣ ቅርጹም እንደ ፍሬሙ ሞዴል የሚለያይ በመሆኑ እዚህ ተፈልጎ መገኘቱ ያጠራጥራል፤ የፍሬሙን ሞዴልና ዓመት ጽፎ ሁለት ማስመጣት ይበጃል።