«ካርቦን» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡ ያገለገሉ የኮርሳ ቸርኬዎች ተጠንቀቁ

ለኮርሳ ብስክሌታችሁ ቸርኬ ለመቀየር ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። በአዲስ አበባ በእጅ በእጅ ሽያጭና በቴሌግራም ገበያ «ከአውሮፓ የገባ፣ ብዙም ያልተነዳ ካርቦን» እየተባሉ የሚቀርቡ ቸርኬዎች አሉ። የተሠሩት ፍሬናቸው የቸርኬውን ጠርዝ ለሚነክስ ብስክሌቶች ሲሆን፣ ዋጋቸው ከአዲስ የአልሙኒየም ቸርኬ ብዙም ስለማይርቅ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። አንድ ወዳጄ ከእነዚህ አንዱን ጥንድ ገዝቶ ለመግጠም ባመጣው ጊዜ አብረን ፈትተን መርምረነዋል። ሻጩን በስም አልጠራም፤ ያየነው ጉድለት በዚህ ዓይነት ሽያጭ ሁሉ ሊያጋጥም የሚችል ነውና።

ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። በእንዲህ ያለ ብስክሌት ቸርኬው ራሱ የፍሬኑ አካል ስለሆነ፣ የፍሬን ሸራው በያዘ ቁጥር የሚፈጠረውን ሙቀት የሚሸከመው እሱ ነው። አልሙኒየም ሙቀቱን ቶሎ ወደ አየር ይበትነዋል። ካርቦን ግን ሙቀቱን በነካው ቦታ አፍኖ ያቆየዋል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም የካርቦን ክሮቹን አንድ ላይ የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል፤ ያኔ በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር የለሰለሰውን ጠርዝ ወደ ውጭ ይገፋዋል። መጀመሪያ ጠርዙ ያብጥና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብስክሌቱ ይርገበገባል፤ ሲብስ ደግሞ ከመነዳሪው ቁልቁለት መሃል ላይ ይፈነዳል። ሜዳ ለሜዳ ለሚነዳ የሆላንድ ሰው ይህ ብዙም ላያሳስበው ይችላል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወርድ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ በዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ እየቀነሰ እስከ ድልድዩ ለሚዘልቅ ብስክሌተኛ ግን ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው።

ወዳጄ በገዛው ጥንድ ላይ፣ የፊቱን ቸርኬ በቀስታ እያሽከረከርን ሁለቱን ጎኖቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ስንዳስስ፣ ከንፋስ መሙያው ብዙም ሳይርቅ በዓይን የማይለይ፣ ጣት ግን የማይስተው እብጠት አገኘን። ሻጩ በምርቃት መልክ የሰጠው የፍሬን ሸራም ለአልሙኒየም ቸርኬ የሚሆነው ተራ ሸራ ነበር። ካርቦን የራሱን ሸራ ይፈልጋል፤ በአልሙኒየም ላይ ሲሠራ የቆየ ሸራ ደግሞ የተሰካኩበትን የብረት ፍንጣሪዎች ይዞ የካርቦኑን ጠርዝ ስለሚቧጭረው ጉዳቱ ድርብ ነው። እንግዲህ ዕቃ ስትመርጡ ይህን የጣት ምርመራ ጎማው ወልቆ አድርጉት፤ «ጎማው ከወለቀ መልሶ ለመግጠም ያስቸግራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።

ያገለገለ አልሙኒየም ለሚገዛም ምርመራው አይቀርለትም፤ ግን ይቀላል። በብዙዎቹ ቸርኬዎች ፍሬን በሚይዝበት ጎን ላይ ትንሽ ጉድጓድ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ያ ምልክት ከጠፋ ቸርኬው አልቋል ማለት ነው። ምልክት ከሌለው የብረት ማስመሪያ በጎኑ ላይ አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን ተመልከቱ፤ መሃሉ ጎድጉዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አትግዙት። በክረምት ጭቃና አሸዋ ሸራው ሥር እየገባ ጠርዙን እንደ ሞረድ ስለሚበላው፣ «ትንሽ ነው የተነዳው» የሚለው ቃል በእኛ መንገድ ላይ ብዙ አያስረዳም።

ሁለተኛው ወጥመድ «ለሁሉም ብስክሌት ይሆናል» የሚለው አባባል ነው። የኋላው ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚሰካኩበት የቸርኬው መሃል) ስፋት በድሮ ባለ 6 እና ባለ 7 ጥርስ ኮርሳዎች 126 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በኋላ በመጡትና ጠርዝ በሚነክስ ፍሬን በሚሠሩት 130 ሚሊሜትር ነው፤ የዲስክ ፍሬን ያላቸው አዳዲስ ኮርሳዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 142 ሚሊሜትር ስፋትና 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፔርኖ (በሞዞው መሃል የሚያልፍ ዘንግ) ይጠቀማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የቴላዮአችሁን፣ ማለት የብስክሌቱን ዋና አካል፣ የኋላ ክፍት ለኩ። ስፋቱ ቢገጥም እንኳ ካሴቱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት የኋላ ጥርሶች ስብስብ) የሚሰካበት የሞዞው ክፍል ሊያስቀራችሁ ይችላል፤ ሺማኖ ለሚባለው አምራች ባለ 11 ጥርስ የኮርሳ ካሴት የሚሠራው ከባለ 8፣ 9 እና 10 በ1.85 ሚሊሜትር ይረዝማል። ረጅሙ ላይ ባለ 10 ካሴት ቀለበት ተጨምሮበት ይገባል፤ አጭሩ ላይ ግን አብዛኛው ባለ 11 የኮርሳ ካሴት በአግባቡ አይታሰርም። ካምፓኞሎ የሚባለው ሌላ አምራች ሞዞ ደግሞ ካሴቱ የሚሰካበት ቅርጽ ራሱ የተለየ ስለሆነ የሺማኖ ካሴት አይቀበልም። የወዳጄ ብስክሌት ባለ 11 ሲሆን የገዛው ሞዞ አጭሩ ነበር፤ ይህን ለማወቅ ካሴቱን ይዞ ሄዶ እዚያው መሞከር ይበቃ ነበር።

የጎማውን ቁጥርም በዓይን ግምት አትለፉት። 700 ሲ የሚባለው ቸርኬ የጎማ ማረፊያው ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በድሮ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ባለ 27 ኢንች 630 ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ይመስላሉ፣ ጎማቸው ግን አይለዋወጥም። የጎማውን ጠርዝ የሚይዝ ከንፈር የሌላቸው አዳዲስ ቸርኬዎችም ከመነዳሪ ለማይፈልግ ጎማ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ የአየር ግፊታቸው ከ5 ባር ማለፍ የለበትም። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ እንደለመዳችሁት እስኪደርቅ የምታስነፉ ከሆነ ወደ እነሱ አትጠጉ።

ስለ ሽቦው የምለው አጭር ነው። ጥቂትና ጠፍጣፋ ሽቦ ያለው ቸርኬ ያምራል፤ ከፊት 20፣ ከኋላ 24 ሽቦ ላለው ቸርኬ አንዱ ሽቦ ሲበጠስ ግን ቸርኬው ወዲያው ተጣሞ ፍሬን መንካት ይጀምራል፤ ለእሱ ብቻ የተሠራውን ሽቦ እዚህ አገር ማግኘትም ቀላል አይደለም። ክብደታችሁ 90 ኪሎ ከደረሰ፣ ወይም ጉድጓድ በበዛበት አስፋልት የምትነዱ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ የታጠፈ ባለ 2 ሚሊሜትር ተራ ሽቦ የተሰካበት ባለ 32 ቸርኬ ምረጡ። በጎኑ ላይ የታወቀ ድርጅት ስም መለጠፉ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም፤ ተለጣፊ ወረቀት ማንም ያሳትማል።

በዚህ ገንዘብ ምን ይገዛ ለሚለኝ፣ እኔ ለውድድር ለማይዘጋጅ ሰው የምመርጠው ተራ የአልሙኒየም ጥንድ ነው። ሺማኖ አርኤስ 100 የመሰለው ርካሽ ጥንድ ወደ 1.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከባድ ነው፣ ሽቦውም እንዳልኩት ጥቂት ነው፤ ግን ከባለ 8 እስከ ባለ 11 ካሴት ይቀበላል፤ ሞዞውም ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ኳሶቹ ተቀይረው፣ ግራሶ ተቀብቶ ይታሰራል። ዝግ ኩሽኔታ ያለው ሞዞ ካገኛችሁም በኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ 6902 ወይም 6001 ከሆነ የኩሽኔታ መሸጫዎች የሚያውቁት ልክ ነው። ከዚህ የተሻለው ጥሩ ባለ 32 ሞዞ ይዞ ሽቦ መወጠር ለሚያውቅ ባለሙያ በአዲስ የአልሙኒየም ቸርኬ ላይ ማስወጠር ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል።

ክፍያውን ስትፈጽሙ ሻጩ የሞዞውን ስፋት፣ የሚቀበለውን የካሴት ዓይነትና ቸርኬው ያልተሰነጠቀና ያላበጠ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ይፈርምላችሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል፤ ስለዚህ ገዝቶ ለወራት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማቆየት ክርክራችሁን ያዳክመዋል።

ከእነዚህ ቸርኬዎች አንዱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ እብጠት ወይም ስንጥቅ ያለበትን በሜዳም ቢሆን አትንዱበት፤ በሙጫ የሚጠገን ነገር አይደለም። ሞዞው ጤነኛ ከሆነ ግን ሁሉም ገንዘብ አልጠፋም፤ የሽቦ ቀዳዳው ቁጥር እኩል የሆነ የአልሙኒየም ቸርኬ ፈልጋችሁ ማስወጠር ትችላላችሁ። ጠርዙ ጥልቅ የሆነ ቸርኬ አጭር ሽቦ ስለሚጠቀም የቀድሞው ሽቦ አይደርስም፤ አዲስ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬውንና ሞዞውን ለባለሙያው ወስዳችሁ ርዝመቱን አስለኩ።