ስታርዲው ቫሊ፦ ሠሪው ራሱ ናፍቆ ያጣው ጨዋታ

የቪዲዮ ጨዋታ ለብቻው ለሚሠራ ሰው በቅድሚያ የሚሰጠው ምክር «ተጫዋችህን አስቀድመህ ለይ» የሚል ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለው የእርሻ ጨዋታ የተወለደው ግን በሌላ መንገድ ነው። ኤሪክ ባሮን የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ባጣበት ወቅት ለልምምድ ብሎ ጀምሮት ከ4 ዓመት በላይ የደከመበትን ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ኮዱን የጻፈውም፣ ሥዕሉን የሣለውም፣ ሙዚቃውን የደረሰውም እርሱ ብቻ ነበር። ለሥራው ያነሣሣው፣ ይወደው የነበረው ሃርቨስት ሙን የተባለው ተከታታይ ጨዋታ ከጊዜ በኋላ ለዛውን አጥቷል ብሎ ማመኑ ነው።

ተጫዋቹ ከአያቱ የወረሰውን ዳዋ የዋጠው እርሻ እየመነጠረ፣ እያንዳንዳቸው 28 ቀን በሆኑ አራት ወቅቶች ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ከመንደሩ ሰዎችም ጋር ይወዳጃል። እኔን ከሁሉ በላይ የማረኩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ሊነስ ወድዶ በድንኳን ይኖራል፤ ሼን ደግሞ ከመጠጥና ከተስፋ መቁረጥ ጋር ይታገላል። «ዘና የሚያደርግ የእርሻ ጨዋታ» ፈላጊዎችን ብቻ አስቦ የተነሣ ጨዋታ ሠሪ የሼንን ታሪክ ተጫዋች ያርቅብኛል ብሎ ሳይሰርዘው አይቀርም ነበር፤ እኔን ግን ወደ ጨዋታው ደጋግሞ የመለሰኝ እርሱ ነው።

በዓሣ ማጥመዱ ላይ ግን በራስ ስሜት ብቻ መመራት ያስከተለው ጉድለት ይታያል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈተለከውን ዓሣ ተከታትሎ በአረንጓዴው ክልል ውስጥ ማቆየት ለጀማሪ እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማጥመዱን ጨርሶ ትቼው ነበር። ባሮን ግን ለጀማሪዎች የሚሆን መለማመጃ ዘንግ በኋላ ጨምሯል፤ እስከ 2024 ድረስም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሰፋፊ ማሻሻያዎችን አውጥቷል። ተጫዋቹን የሰማው፣ ምን እንደሚሠራ ከወሰነ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል እኔ ትክክለኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከ41 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ልቡን የተከተለ ሁሉ ይሳካለታል ለማለት አያበቃም፤ ባሮንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2012 ጨዋታውን በስቲም ግሪንላይት፣ ማለትም ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ መደብር የሚሸጣቸው ጨዋታዎች በድምፅ ይመረጡበት በነበረው መድረክ፣ ለተጫዋቾች ድምፅ አቅርቦት ነበር። ፈጣን ፍልሚያ የሚሻ ሰው በመጀመሪያው ጸደይ ይሰለቻል። ጨዋታ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ግን አንድ ሙሉ ዓመት እስኪያርስ ድረስ እንዲጫወተው፣ ሼንንም በትዕግሥት እንዲወዳጀው እመክራለሁ።