ለፒኤስፒ አንድ የስትራቴጂ ጌም ብትገዙ፦ ዣን ዳርክ፣ ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ወይስ ታክቲክስ ኦገር?

ያገለገለ ፒኤስፒ (በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት የሶኒ የጌም ማሽን) ገዝታችሁ «ምን ልጫወትበት?» ካላችሁ፣ የኳሱንና የመኪናውን ጌም ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ዓይነት ነው። ባለ ሰይፉንና ባለ አስማቱን ወታደር አንድ በአንድ እያንቀሳቀሳችሁ፣ እያሰባችሁ፣ ተራ በተራ ስለምትጫወቷቸው ጌሞች። በዚህ ዘርፍ ፒኤስፒ ላይ ሦስቱ ይበልጡብኛል። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስና ታክቲክስ ኦገር ስማቸው የገነነ ነው። ዣን ዳርክን ግን ጌም የሚወዱ ጓደኞቼ እንኳ ሰምተውት አያውቁም።

መልሴን አላቆይባችሁም። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ዣን ዳርክን ግዙ።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ መገናኛ ለመድረስ ሰልፉ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ማታ ስትመለሱ ደግሞ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ፒኤስፒ ለዚህ ኑሮ ይመቻል። የፓወር ቁልፉን ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ስትለቁት ጌሙ ባለበት ይተኛል፤ «ወራጅ አለ!» ብላችሁ ወርዳችሁ፣ ቤት ገብታችሁ፣ ራት በልታችሁ መልሳችሁ ስትገፉት ያ ፈረሰኛ እዚያው ቆሞ ታገኙታላችሁ። ቁልፉን ይዛችሁ ካቆያችሁት ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ባትሪው ጨርሶ ካለቀም የተኛው ጌም አብሮ ይሄዳል። ለእኛ ዓይነቱ ተጫዋች እንግዲህ አንዱ ውጊያ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለውም ትልቅ ጉዳይ ነው።

ዣን ዳርክን የሠራው ሌቭል ፋይቭ የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006፣ አሜሪካ በ2007 ወጣ። አውሮፓ ላይ በዲስክ አልተሸጠም፤ ተደብቆ የቀረው በከፊል በዚህ ይመስለኛል። መነሻው የፈረንሳይና የእንግሊዝ የመቶ ዓመት ጦርነት ነው። በ1429 ኦርሌያንን ከከበባ ያስጣለችው፣ በ1431 በእሳት የተቃጠለችው የገበሬ ልጅ የዣን ታሪክ ነው። ጌሙ ግን እዚያ አይቆምም። የእንግሊዙን ሕፃን ንጉሥ ሰይጣን ተጠናውቶታል፣ ዣን ኃይሏን የምታገኘው ከእጇ አምባር ነው፣ ላ ሂር የተባለው የጦር አለቃ ደግሞ የአንበሳ ፊት ይዞ ይመጣል። ሲሰሙት የተደበላለቀ ይመስላል፣ ሲጫወቱት ልብ ይይዛል።

ውጊያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጌሙን ያስወደደኝ እሱ ነው። ሜዳው እንደ ቼዝ በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ጠላትን ስትመቱት ከእሱ ጀርባ ባለው ካሬ ላይ ብርሃን ይበራል። ሌላው ወታደራችሁ ዞሮ እዚያ ካሬ ላይ ቆሞ ሲመታ ምቱ በጣም ይጠነክራል። ብርሃኑ የሚቆየው የእናንተ ተራ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለው ነገር ወሳኝ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ይምታና ያብራው፣ ኃይለኛው ተከትሎ ይግባበት። በሌላ በኩል ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ወታደሮች መከላከያቸው ይጨምራል። ለማጥቃት መበተን ያምራችኋል፣ ጠላት ተራው ሲደርስ ግን ተሰብስባችሁ ብትገኙ ይሻላል። ይህን ሁሉ የምታደርጉት በተወሰነ የተራ ብዛት ውስጥ ነው፣ ማንዛዛት የለም። ዣን በአምባሯ ስትለወጥ ደግሞ አንድ ጠላት በጣለች ቁጥር ሌላ ተራ ታገኛለች። እኔ ሁለት ሦስት ጠላቶችን በሌሎቹ ወታደሮች አቁስዬ አዘጋጅላትና በመጨረሻ እሷን እለቃታለሁ። አንዱን ጥላ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትሄድ ማየት በጣም ደስ ይላል።

የወደቀ ወታደር ከውጊያው በኋላ ይመለሳል፣ ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እንግሊዝኛውም አያስቸግርም። ድክመቱ ለለመደ ተጫዋች ቀለል ማለቱ ነው፤ ወታደሮቻችሁን በደንብ ካሳደጋችሁ ጠላቶቹ ብዙም አያስጨንቋችሁም።

ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣ ሲሆን፣ የፒኤስፒው «ዘ ዋር ኦፍ ዘ ላየንስ» የሚባለው በ2007 መጣ። በታሪክ ከሦስቱ እሱን አስቀድማለሁ። ዘመነ መሳፍንትን ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ንጉሡ ሞቷል፣ አንዱ መስፍን ሕፃኑን ልዑል፣ ሌላው ልዕልቲቱን ይዞ በስማቸው ይዋጋል፣ የሚያልቀው ግን ተራው ሰው ነው። የሙያ አሠራሩም ሰፊ ነው። አንዱን ልጅ ፈረሰኛ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ አስማተኛ፣ ከዚያ ከሁለቱም የተማረውን አዳቅላችሁ የራሳችሁን ወታደር ትሠራላችሁ። ይህን መቀመር የሚወድ ሰው ወራት ይጠፋበታል።

ግን ይጨክናል። የወደቀ ወታደር አናት ላይ ቁጥር ይቆጥራል፤ ዜሮ ሳይደርስ ካላነሳችሁት እስከ መጨረሻው ሄደ። ሪዮቫንስ ግንብ ላይ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ራምዛ ዊግራፍ ከተባለው ጠላቱ ጋር አንድ ለአንድ ይገጥማል፣ ማንም አያግዘውም። በውጊያዎቹ መሃል ሴቭ ያስደርጋችኋል (የደረሳችሁበትን ያስቀምጥላችኋል)፣ ግን ወደ ኋላ ወጥታችሁ ሌቭል መጨመር አትችሉም። አንድ ሴቭ ብቻ ኖሯችሁ እዚያ ላይ ከጻፋችሁበት፣ ራምዛ ደግሞ ካልጠነከረ፣ ተቆለፈባችሁ ማለት ነው። የሰፈሬ ልጅ በዚህ ምክንያት ያን ሁሉ ጌም ከዜሮ ጀመረው። ሁለት የተለያየ ሴቭ ይኑራችሁ፣ አደራ! ሌላው እንግሊዝኛው ነው። ሆን ተብሎ በድሮ አጻጻፍ የተጻፈ ስለሆነ አንዳንዱን አረፍተ ነገር ሁለቴ ማንበብ ግድ ይላል። ፒኤስፒ ላይ አስማት ሲወረወር ጌሙ ቀርፈፍ ማለቱም ያናድዳል።

ታክቲክስ ኦገር «ሌት አስ ክሊንግ ቱጌዘር» ጊዜ ላለው ሰው ነው። መነሻው የ1995 ጌም ነው፣ ለፒኤስፒ በአዲስ መልክ ጃፓን በ2010፣ በሌላው ዓለም በ2011 ወጣ። እስከ አሥራ ሁለት ወታደር ታሰልፋላችሁ፣ ስለዚህ አንድ ውጊያ ረጅም ነው፣ በታክሲ መንገድ ብዙ ጊዜ አያልቅም። ታሪኩ በምርጫችሁ ይከፋፈላል፤ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ መሪያችሁ አንድ ከባድ ትእዛዝ ያዛችኋል፣ መልሳችሁም መንገዱን ይቀይረዋል። የተሳሳታችሁትን ተራ እስከ ሃምሳ ተራ ድረስ ወደ ኋላ መመለስ መቻላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤት ለሚውል ሰው እመክረዋለሁ።

ዣን ዳርክን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ለአይፎንና ለአንድሮይድም ወጥቷል፣ በ2025 ደግሞ ለአዳዲሶቹ ማሽኖችና ለኮምፒውተር ታድሶ መጣ። ታክቲክስ ኦገርም በ2022 ታድሷል። ስለዚህ ሁለቱን ነገ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ዣን ዳርክ ግን እንዲህ ታድሶ አልተሠራም፣ ያለው ያው የፒኤስፒው ጌም ነው። ፒኤስፒ እጃችሁ ላይ ካለ መጫወት ያለባችሁ እሱን ነው።

ዲስኩን ስትገዙ ሽፋኑን እዩ። የፒኤስፒ ጌም በአገር አይቆለፍም፣ ከየትም የመጣ ዲስክ ይሠራል፤ የዣን ዳርክ የጃፓኑ ዲስክ ግን ጽሑፉ በጃፓንኛ ስለሆነ እንግሊዝኛ ሽፋን ያለውን የአሜሪካውን ፈልጉ። ማሽኑን ስትመርጡ የኋላውን ክዳን ክፈቱና ባትሪው አለማበጡን አረጋግጡ፣ ያረጀ ባትሪ ያብጣል፣ ክዳኑንም ይገፋዋል። ዲስክ የሚጎርሱት ፒኤስፒዎች ያለ ሚሞሪ ካርድ ሴቭ አያደርጉም፣ የሚወስዱትም ሚሞሪ ስቲክ የሚባለውን የራሳቸውን ካርድ እንጂ የስልኩን አይደለም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት አንድ ጌም አስነሱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ እንደገና ከፍታችሁ ሴቩ መኖሩን እዩ።