የመኪና ወንበር ልብስ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ እኚህን ሰው አነጋግሩ

ሰላም የድሬ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው አንድ ባለሙያን ለማመስገን ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እናንተም ስታገኟቸው እንደዚያው በሏቸው።

የምተዳደረው በመኪናዬ ነው። ከጧት እስከ ማታ ያሪሴ ውስጥ ነኝ። የድሬን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። መጀመሪያ አንድ ቦታ ሄጄ ወንበሩን በሰው ሠራሽ ቆዳ አለበስኩት። ለዓይን ያምራል። ግን እንደ ፕላስቲክ ነው፤ አየር የሚባል አያሳልፍም። ቀትር ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ይውላል። እናቴ አብራኝ ሐረር ስትሄድ ነጠላዋን አጣጥፋ ታነጥፍበት ነበር።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። «መፍትሔው የተበሳሳ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ቆዳ ነው» አሉኝ። ውሸት አልነበረም፤ ቀዝቀዝ አለልኝ። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጎኑንም ስፌት የሚያርፍበትንም ሁሉ በተበሳሳ ቆዳ ለበጡት። አምስት ወር ሳይሞላ በሹፌሩ በኩል፣ ስገባና ስወጣ የምታከክበት ጋ፣ ቀዳዳዎቹን ተከትሎ እንደ ቴምብር ተተረተረ። ስመልሰው ምን አሉኝ? «አቀማመጥህ ነው።» ገንዘቤን ከፍዬ ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ! በዚያ ላይ ልጄ የኋላው ወንበር ላይ የማንጎ ጭማቂ ደፋችበት። በቀዳዳው ሰርጎ ስፖንጁ ውስጥ ገባ። ሽታው ስንት ሳምንት እንደቆየ አትጠይቁኝ። ተሳፋሪ መስኮት እየከፈተ ሲያየኝ አፍር ነበር።

ጋሼ ጋ የደረስኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። የተቀደደውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። የሠራውን ሰው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩም። ሁለት ቁራጭ ቆዳ አመጡ፤ አንዱ ድፍን፣ አንዱ የተበሳሳ። «ሳበው» አሉኝ። ድፍኑ ንቅንቅ አላለም። የተበሳሳው በቀዳዳው መስመር መተርተር ጀመረ። «አሁን ደግሞ ንፋበት» አሉኝ። ነፋሁ። ትንፋሼ ከወዲያ በኩል መዳፌን ነካው።

«አየህ ልጄ፣ ቀዳዳው ያስተነፍሳል፣ ግን ያሳሳል። ላብ ያለበት ጋ አድርገው፤ የሚታከክበትና የሚሰፋበት ጋ አታድርገው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት የከሰርኩበትን ነገር በሁለት ደቂቃ አስረዱኝ። የጀርባውንና የመቀመጫውን መሀል በተበሳሳ፣ ጎንና ጎኑን በድፍን ሠሩልኝ። ጎኑ ውስጥ ኤርባግ (ግጭት ሲያጋጥም የሚነፋው ከረጢት) ስላለ እሱ ጋ የሚደረግ የተለየ ስፌት አለ፤ ዝርዝሩ አልገባኝም፣ ግን ሳልጠይቃቸው ነው አይተው ያሰቡበት።

ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት ሌላ ነው። የኋላውንም እንደ ፊቱ አድርጉልኝ ብዬ ቀብድ ከፍያለሁ። «ኋላ ማን ይቀመጣል?» አሉኝ። ልጆቼና ተሳፋሪ አልኳቸው። «እንግዲያው ድፍን ይሁን፤ የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርገህ ትገላገላለህ» አሉና ልዩነቱን ከቀብዱ ላይ ቆጥረው መለሱልኝ። እኔ ልከፍል ተዘጋጅቼ፣ እሳቸው እንቢ አሉ! በዚህ ኑሮ እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ?

ስወጣም መከሩኝ። ቀዳዳው ላይ የቆዳ ቅባት እንዳላፈስ፣ ይደፈናል። ውሃ እንዳልደፋበት፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ፣ አቧራውን በማሽን ማስመጠጥ። እውነቱንም ነገሩኝ፦ ፀሐይ ላይ ከዋለ የተበሳሳውም ይፋጃል። ልዩነቱ የሚታወቀው ተቀምጠው ሲውሉ ነው። ልክ ናቸው። ጥላ ስር ማቆሙ አልቀረልኝም፤ ሸሚዜ ግን ጀርባዬን ለቆታል።

ይኸው ስምንት ወር ሆነው። አንድ ክር አልተነቀለም። ባለፈው እሁድ እናቴን ይዤ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ዞር ብዬ አየኋት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው። አላነጠፈችውም። እንቅልፍ ወስዷታል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናንተም አቦ፣ እኔ በሁለት ቦታ የከሰርኩትን አትድገሙት፤ ሂዱና አሠሩ። እሳቸው ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ቅዳሜ ወረፋ አለ፤ በሥራ ቀን ጧት ብትሄዱ ይሻላል።