የዩኒቨርሲቲ የምርምር ገንዘብ፦ ለማመልከት ለምታስቡ መምህራን

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፤ የግብርና ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በየዓመቱ በቴሌግራም ግሩፑ የሚለጠፈውን የቴማቲክ ምርምር (በተመረጡ የትኩረት መስኮች ላይ የሚሠራ ጥናት) ጥሪ ታውቁታላችሁ። ዩኒቨርሲቲው መንግሥት ከሚሰጠው በጀት ላይ ለመምህራን ጥናት የሚመድበው ገንዘብ ነው። ወስጄ ሠርቼበታለሁ። የግቢውን ስም አልጠቅስም።

ከጥሩው ልጀምር። ገምጋሚዎቹ አንብበው ነው የሚመጡት። በናሙና አወሳሰዴ ላይ የሰጡኝ አስተያየት ጥናቱን በጣም አሻሽሎታል። ገንዘቡም ብዙ ባይሆን ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበልና ለነዳጅ ይበቃል። ለጀማሪ መምህር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። ማጥናት የፈለግኩት ማዳበሪያ ለምን ዘግይቶ አርሶ አደሩ እጅ እንደሚገባ ነበር። መንገዱ ይታወቃል። ግዢውን የመንግሥት ኮርፖሬሽን ይፈጽማል፣ ጭነቱ ከጅቡቲ ይነሳል፣ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይወርዳል። ታዲያ ጊዜው የሚባክነው የቱ ጋ ነው? ኮሚቴው ፕሮፖዛሉን ወዶታል፤ ግን «ከትኩረት መስኮቹ ጋር ይጣጣም» ተባልኩ። ተስተካክሎ የተመለሰልኝ ጥያቄ አርሶ አደሩ ማዳበሪያን በባለሙያ ምክር መሠረት ይጠቀማል ወይ የሚል ሆነ። ልብ በሉ፤ የእኔ ጥያቄ የሚመረምረው መሥሪያ ቤቶቹን ነበር። የእነሱ ገበሬውን ነው። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን ለሁለተኛው ነው።

መጠይቁ ውስጥ «ማዳበሪያው መቼ ደረሰዎት?» የምትል ጥያቄ አስገባሁ። ሰዉ ብዙ ያወራው እሷ ላይ ነው። አንድ አባት «አበታተኑን እናውቃለን ልጄ፤ መጀመሪያ ይምጣልን እንጂ» አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ አስገብቼዋለሁ።

ሁለተኛው ችግር የበጀት ዓመቱ ነው። ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ውሉ፣ ፊርማው፣ የፋይናንሱ ደብዳቤ ሲንከባለል ብሩ እጄ የገባው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ደረሰኝ ሰብስቤ ማወራረድ አለብኝ፤ ያልተጠቀምኩበት ተመላሽ ይሆናል። ጤፍ የሚዘራው ደግሞ በዋናነት ሐምሌ ነው። የማዳበሪያው ወረፋ የሚታይበት ጊዜ ሂሳቤ ከተዘጋ በኋላ ይመጣል ማለት ነው። መስክ ወርጄ በዓይኔ ማየት ያለብኝን ነገር ከገበሬው ትዝታ ላይ ነው የለቀምኩት።

ሦስተኛው ውሉ ነው። ውጤቱን ያለ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ለሚዲያም ሆነ ለሌላ ወገን መስጠት አይቻልም የሚል አንቀጽ አለው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ 1152/2011፣ የአካዳሚክ ነፃነትን ያውቃል። ውሉን ያረቀቀው ሰው ግን አዋጁን ያየው አይመስለኝም።

በ1985 ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባረሩ ጫናው ለማንም ግልጽ ነበር። የአሁኑ አይታይም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ርዕስ ሲመርጡ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ከማሰባቸው በፊት «ዘንድሮ ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ገንዘብ የማያገኘው ጥያቄ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ስለዚህ ማንም አይቆጥረውም።

ነጥቤ ከአምስት ሁለት ነው። ሁለቱም ለገምጋሚዎቹ።

ዝርያ የምታወዳድሩ፣ አፈር የምትመረምሩ ሰዎች አመልክቱ፤ ርዕሳችሁን የሚነካባችሁ የለም። ወቅት የሚጠብቅ የመስክ ሥራ ካላችሁ ግን ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን አስቀድማችሁ ፋይናንስ ጠይቁ። የመንግሥትን ሥራ የሚመዝን ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ ውጤቱን ስለ ማውጣት የሚናገረውን የውሉን አንቀጽ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። አንድ ባልደረባዬ «የፈቃድ ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ እንደተፈቀደ ይቆጠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርለት በደብዳቤ ጠይቆ ተጨምሮለታል። እናንተም ጠይቁ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።