ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማትጮህ ካሜራ

ባለፈው ጥር አንድ የተክሊል ሠርግ ላይ ነበርኩ። ገና አልነጋም። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ካህናቱ ፊት ቆመዋል። እኔ በሴቶች በኩል፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜያለሁ። አክሊሉ ሲደፋላቸው በተከታታይ አነሳሁ። ወደ አርባ ፎቶ ይሆናል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ልጄ፣ እንዳያልፍሽ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ካሜራውን ወደ እሳቸው አዙሬ ስክሪኑን አሳየኋቸው። አክሊሉም፣ ሙሽራዋም እዚያ አሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ስለ ሶኒ ኤ ሰቨን ስሪ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው።

ካሜራዋ አዲስ አይደለችም። የወጣችው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ያኔ ያለ ሌንስ 2,000 ዶላር ነበረች። እኔ የገዛኋት በ2013 መጨረሻ፣ ያገለገለች፣ ዱባይ የምትሠራ እህቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጥታ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸው የጥር ሠርጎች ሁሉ በእሷ የተነሡ ናቸው። ጥር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ሙያው ላይ ያለ ሰው ያውቃል። ገና ካለፈ ዐቢይ ጾም እስኪገባ አገሩ ሁሉ ይዳራል። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ሠርግ፣ በማግስቱ መልስ።

ድሮ የነበረኝ ካሜራ ውስጡ መስታወት ያለው ነበር። መስታወቱ ሲነሣና ሲመለስ «ቀጭ» ይላል። አዳራሽ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ዜማው ቆም ሲል ያቺ ድምፅ ጥግ ድረስ ትሰማለች። አንዴ አንድ አባት ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ እስኪያልቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሙሽራዋ እናት ሲያለቅሱ አላነሳሁም። ያ ፎቶ አልበሙ ውስጥ የለም።

ኤ ሰቨን ስሪ «ሳይለንት ሹቲንግ» የሚል ምርጫ አላት። እሱን ሳበራው ምንም ድምፅ የለም። ምንም። ሰው ይረሳኛል። የተረሳ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሰዎች እንደ ራሳቸው ሆነው ያገኛቸዋል።

ጣጣ ግን አለው። በዚህ ዘዴ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራዋ ክፍል) ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራዋ ግን ታየዋለች። ፎቶው ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን ካሜራዬ የተበላሸች መስሎኝ በጣም ደንግጫለሁ። መፍትሔው ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራዋ ብርሃን የምትቀበልበትን ጊዜ፣ 1/100 ወይም 1/50 ሴኮንድ ላይ ማድረግ ነው። መስመሩ ወይ ይጠፋል ወይ በጣም ይቀንሳል። ሽብሸባው ሲደምቅ ግን 1/50 እጅና መቋሚያን ያደበዝዛል። ያኔ ከበሮውም ስለሚመታ ወደ መደበኛው ሻተር እመለሳለሁ፤ የካሜራዬን ድምፅ ማንም አይሰማም። ፍላሽ በድምፅ አልባው ዘዴ አይሠራም። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ አላበራም፣ ስለዚህ አልጎዳኝም።

ሴት በመሆኔ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞሬ ማንሳት አልችልም። የቆምኩበት ቦታ ያው የቆምኩበት ነው። ስለዚህ ሩቁን የሚያቀርብልኝ ሌንስ ያስፈልገኛል። የምጠቀመው የሶኒን 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው (ኤፍ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ሲርቅብኝ ካሜራዋን «ኤፒኤስ-ሲ» ወደሚለው፣ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ወደሚጠቀመው ምርጫ አዞራታለሁ። 85ቱ እንደ 127 ሆኖ ያቀርብልኛል። ፎቶው ከ24 ወደ 10 ሜጋፒክስል ይወርዳል። ለአልበም ገጽ ይበቃል፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ግን አልመክረውም።

ለቀረው ሥራ ታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 አለኝ። ሁለቱም ሌንሶች አፋቸው 67 ሚሊሜትር ስለሆነ አንዱን ፊልተር ለሁለቱም እጠቀማለሁ። ካሜራዋ ከነባትሪዋ 650 ግራም ናት፣ ታምሮኑ 550፣ 85ቱ 371። ሲደመር ከ1.6 ኪሎ አይበልጥም። አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ ከ24-70 እና ከ70-200 ጋር ይሸከማል፤ ከ3.2 ኪሎ በላይ ነው። እሱ በ200 ሚሊሜትሩ ከሩቅ የሚያወጣቸውን ፊቶች እኔ አላገኛቸውም፣ እውነቱን ለመናገር። እኔ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሙሽራዋ ስትኳል ጀምሬ ማታ አዳራሹ እስኪዘጋ ቆሜ እውላለሁ። ትከሻዬ ምርጫውን ያውቃል።

አሁን ስለ ነጭ ልብስ። የእኛን ሠርግ ከባድ የሚያደርገው እሱ ነው። ነጠላው ነጭ፣ ቀሚሱ ነጭ፣ ቬሎው ነጭ። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ የሰዎቻችን ፊት ይጠቁራል። ስንት አልበም አይቻለሁ፣ የሙሽራው አባት ፊታቸው የማይለይበት! በዚህች ካሜራ መመልከቻው ውስጥ ፎቶው ምን እንደሚመስል ከማንሳቴ በፊት አያለሁ። «ዜብራ» የሚባለውንም አበራለሁ፤ ነጩ ሊቃጠል ሲል ያ ቦታ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ያሳየኛል። ሰረዙ ጥለቱ አካባቢ ብቅ እስኪል ብርሃን እጨምራለሁ፣ ከዚያ ትንሽ እመለሳለሁ። ፊት እንደ ፊት ይወጣል።

ዓይን ፈልጋ ፎከስ ማድረጓም ትልቅ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ፈርምዌር 3.0 (የካሜራዋ የውስጥ ሶፍትዌር) ካልተጫነባት ግን ያን ያህል አይደለችም። ያገለገለች የሚገዛ ሰው ይህን ሜኑው ውስጥ ገብቶ ይይ። በጧፍ ብርሃን፣ ነጠላ ግማሽ ፊት ሲሸፍን፣ ዓይኑን የምትስትበት ጊዜ አለ። ያኔ የፎከሱን ነጥብ በእጄ እወስዳለሁ።

ባትሪዋ ይቆያል። ሁለት ይዤ ወጥቼ ሁለተኛውን አዳራሽ ከገባሁ በኋላ ነው የምቀይረው። መብራት ጠፍቶ ካደረም መንገድ ላይ በፓወር ባንክ እሞላዋለሁ።

ሁለት ካርድ መያዟ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ካርድ ብቻ በሚይዝ ካሜራ አንድ መልስ አነሳሁ። የሙሽራዋ አያት ልጆቹን ሲመርቁ፣ ሁሉም ሲያለቅስ፣ ሁሉንም ይዤዋለሁ። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው ካርዱ አልከፍት አለ። ያልሞከርኩት ነገር የለም። ገንዘቡን መለስኩ። ሙሽራዋ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ አሁንም ሰላም ትለኛለች፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልችልም። ኤ ሰቨን ስሪ አንዱን ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ በአንዴ ትጽፋለች። ፈጣኑን ካርድ በሙሉ ፍጥነት የሚቀበለው አንደኛው ማስገቢያ ብቻ ስለሆነ በተከታታይ ሲነሣ ትንሽ ታዘግማለች። ታዝግም። በሠርግ የሚተዳደር ሰው አንድ ካርድ የምትይዝ ካሜራ ባይገዛ እላለሁ።

የማልወድላት ነገር አለ። የኋላ ስክሪኗ ጥራቱ ደካማ ነው፤ ፎከሱ ልክ ይሁን አይሁን እዚያ ላይ አይታወቅም፣ መመልከቻው ውስጥ ገብቶ ማየት ነው። ሜኑዋ ዝብርቅርቅ ያለ ነው። ሌንስ ሲቀየር ደግሞ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ተጋልጦ ይቀራል። በጥር ሜዳ ላይ፣ በዚያ አቧራ፣ ሚዜ እየጨፈረ ሌንስ መቀየር ራስን መቅጣት ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ካሜራዋን አፏን ወደ ታች አድርጌ ነው የምቀይረው።

ያገለገለ ዕቃ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። 85ቱን መጀመሪያ የገዛሁት እዚሁ ከተማ ከአንድ ሱቅ ነበር። ቤት ገብቼ በስልኬ መብራት ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለበት። ስመልሰው «ከሱቅ ከወጣ አንቀበልም» አሉኝ። ስለዚህ መብራቱን እዚያው፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ከኋላ በኩል አብሩበት። ሁለቱንም ካርድ ማስገቢያ ሞክሩ። ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሱና ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ፤ ካለ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሌንሶቻችሁን ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡ።

ኤ ሰቨን ፎርን ግዢ የሚሉኝ አሉ። በፈረንጆቹ 2021 የወጣች፣ 33 ሜጋፒክስል፣ ጎበዝ ካሜራ ናት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን ብር ከዶላር ጋር ያለውን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ፋይሉ ሲከብድ ሃርድ ዲስክም ይጨምራል። እኔ የማጠራቅመው ለሁለተኛ ኤ ሰቨን ስሪ ነው። አንዷ ላይ 85ቱ፣ ሌላዋ ላይ 28-75ቱ እንደተገጠመ ይውላል፤ አቧራ ላይ መክፈት ቀረ። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። ለሚያዝያ ሠርጎች ይደርስልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።