ለባለ ፎር ዊል መኪና ስኮርታ፦ አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ ልኩ የተለየ?

ድሬ ላይ ያገለገለ ሃይለክስ ወይም ፕራዶ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞተሩን ነው። ቀጥሎ ኤሲውን፤ በዚህ ሙቀት አይፈረድበትም። ጎንበስ ብሎ ስኮርታውን፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን፣ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔም አላየሁም። የሃይለክሴ አራት ጎማዎች 265/65 አር 17 ሆነው፣ ከኋላ ስር በሰንሰለት የተንጠለጠለው ግን 245/70 አር 16 መሆኑን ያወቅኩት ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው፤ የኋላ ግራ ጎማዬን ድንጋይ ቆርጦት መኪናዋን በክሪክ ካነሳሁ በኋላ።

ስድስቱም ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) ገጠመ። ከገጠመ ይሄዳል ብዬ አሰርኩት። ሐሮማያ ስደርስ ዝናብ ያዘኝና ፎር ዊል አስገባሁ። አወዳይ ላይ ላወጣው ስል ማርሹ እምቢ አለ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር አጠገቤ ቆመና "ወንድሜ አታስገድደው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ሂድበት" አለኝ። አምስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ። ከስር "ቋ" የሚል ድምፅ ተሰማና ማርሹ ወጣ። ምንም ሳይሰበር ተረፍኩ፣ ግን ድምፁ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ምን ሆኖ ነው? የ17ቱ ጎማ (የመጨረሻው ቁጥር ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ልክ በኢንች ነው) ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ16ቱ 749። 27 ሚሊ ትንሽ ትመስላለች። ግን ትልቁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 410 ጊዜ ሲዞር ትንሹ 425 ጊዜ ይዞራል። እንደ ሃይለክስ ባለ መኪና ፎር ዊል ሲገባ ኃይል ወደ ጎማ የሚወስዱት የፊትና የኋላ ሻፍት አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር መሀል ላይ የለም። አሸዋና ጠጠር ላይ ጎማው ተንሸራቶ ይገላገላል። አስፋልት ላይ ግን ማምለጫ ስለሌለው ጫናው ሁሉ ሻፍቱና የማርሹ ጥርስ ላይ ይጠራቀማል።

ስለዚህ ስትገዙ የምታነጻጽሩት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንና የመኪናችሁን ዓይነት ነው።

አዲስና ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው አንደኛ ነው፣ ክርክር የለውም። ውድ ነው፤ ግን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አምስቱንም እያዘዋወራችሁ ብትጠቀሙ ብሩ መኪና ስር ተንጠልጥሎ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ፦ አራቱ በጣም ካለቁ አዲሱ በቁመት 1 ሴንቲ ያህል ሊበልጣቸው ይችላል። ለሃይለክስ ችግር የለውም። እንደ ራቭ ፎር ኃይሉን በክላች ለሚያካፍል መኪና ግን ያም ይቆጠራል።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ያገለገለ እኩያ፣ ማለትም ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ የሆነ፣ ነው። የጎማውን ጥርስ ብቻ አይታችሁ ግን አትግዙ። ጎኑ ላይ DOT ብሎ የሚጀምረውን ኮድ የመጨረሻ 4 ቁጥሮች ፈልጉ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። የድሬ ፀሐይ ጎማ ታደርቃለች፣ በተለይ የኋላ በር ላይ የሚሰቀለውን። ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ተዉት።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ቸርኬው የተለየ፣ ቁመቱ ግን እኩል። 265/70 አር 16፣ 265/65 አር 17 እና 265/60 አር 18 ቁመታቸው 777፣ 776 እና 775 ሚሊ ነው። ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል! "16 ለ17 በጭራሽ አይሆንም" የሚል ጎሚስታ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ግን እዚያው አስገጥማችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ትንሽ ቸርኬ የፍሬኑን ካሊፐር ሊነካ ይችላል። ዳዶውንም እዩ። የብዙ ቶዮታ የአሎይ ቸርኬ ዳዶ ከስሩ ጠፍጣፋ ዋሸር አለው፣ የብረት ቸርኬ ደግሞ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ዳዶ ይፈልጋል። የአሎዩ ዳዶ ብረቱ ላይ በደንብ ላይቀመጥ ይችላል፤ ካልተቀመጠ እየሄዳችሁ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ አረጋግጡ፣ ካልሆነ ተስማሚውን ዳዶ አብራችሁ ግዙ።

ቁመቱ የሚያንሰውስ? እንደ ሃይለክስ ያለ፣ ፎር ዊል ካላስገቡት የኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፉት መኪና ካላችሁና ቀድሞም አብሮ የመጣ ከሆነ፣ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ድረስ ያደርሳል። ግን ፊት እሰሩት፣ ፎር ዊልም አታስገቡ። የተነፈሰው የኋላው ከሆነ የፊቱን ፈታችሁ ወደ ኋላ ውሰዱ፣ ትንሹን ፊት አድርጉ። ሁለት ጊዜ ክሪክ ማንሳት ያደክማል፣ አውቃለሁ፤ የኋላ ዲፈረንሻል (የግራና የቀኝ ጎማን የፍጥነት ልዩነት የሚያቻችለውን) ከመቀየር ግን ይሻላል። እንደ ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም የሚሄድ ከሆነ የመሀሉ ዲፈረንሻል ልዩነቱን ይችለዋል፣ ግን ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው፤ ቀስ ብላችሁ፣ መሀሉን ሳትቆልፉ፣ ለአጭር መንገድ ብቻ። ባለ ፎር ዊል ራቭ ፎርና መሰሎቹ ላይ ግን አልመክርም፤ ክላቹ ሳያቋርጥ እየተንሸራተተ ይግላል።

ቀጭኗ ጊዜያዊ ጎማ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አትነዳም፣ 60 ፒ ኤስ አይ አየርም ትፈልጋለች። ከተማ ውስጥ ከሳቢያን ቀዚራ ለሚመላለስ ትሆናለች። ወደ ደወሌ ለሚወርድ ወይም ከባቢሌ ወዲያ ጠጠር ለሚገባ ሰው ግን አትሆንም።

እኔ ያገለገለ እኩያ ገዛሁ። ከቤት ስወጣ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቼ ሲባጎ ዙሪያውን ጠመጠምኩና ልኩ ላይ ቆርጬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሱቁ ውስጥ ከተደረደሩት ሁለቱ ላይ ሲባጎው ተረፈ። ሦስተኛው ላይ ጫፍና ጫፉ ተገናኘ፣ እሱን አስጫንኩ።